እትዬ የሺና የወንድሜ ልብስ

የበደለችኝ ሴት የሺመቤት ትባላለች። የበደለችኝ ቀይ ሽብሩ ጋብ ባለ በማግስቱ ዓመት፣ መስከረም ሊጠባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ነው። ባለፈው ወር ሞተች። የዕድሩ ጥሩምባ ሲነፋ ቤቴ ተቀምጬ ጠርዝ እከፍፍ ነበር። ጥሩምባ ነፊው ስሟን ሲጠራ ሰማሁ። የጀመርኩትን ጠርዝ ጨረስኩ።

ዘመዶቿ ለአርባዋ የምትታደል አንዲት ትንሽ መጽሔት ሊያሳትሙ ነው አሉ። “ሙያውን ያወረሰችሽ እሷ ናት፤ ከማንም በላይ የምታውቂያት አንቺ ነሽ፤ ስለ ደግነቷ ጥቂት ጻፊልን” ብለው ሁለት ጊዜ ሰው ላኩብኝ። እምቢ አላልኩም። የማውቀውን እጽፋለሁ፤ ካልወደዱት ይተውት። በሕይወቷ ሳለች እትዬ የሺ እያልኩ፣ አንቱ እያልኩ ነው የኖርኩት። አሁን ሞታለችና እሷ እላታለሁ።

ባሏ የአንድ ዲፕሎማት ወጥ ሠሪ ሆኖ እንግሊዝ አገር የሄደ ሰው ነበር። ዲፕሎማቱ ሲመለስ እሱ እዚያው ቀረ፤ ሚስቱንም ወሰዳት። የኖሩት በሰሜን በኩል፣ ድንጋይ ከሰል በሚወጣበት አንድ ከተማ፣ ከአንዲት ባልቴት ቤት ክፍል ተከራይተው ነው። ክዊልት መስፋት ያስተማረቻት ያቺ ባልቴት ናት። ባሏ እዚያ ሞተ። አማቷ የካ ላይ ትተውት የሞቱት ቤት በዘመድ እንዳይወሰድባት ብላ፣ ትንሽ ልጇን ለባልቴቷ አደራ ሰጥታ፣ ለጥቂት ወራት መጣች። በዚያው ዓመት አብዮቱ ፈነዳና ከአገር መውጣት የማይታሰብ ሆነ። ልጅቱ እዚያ፣ እናቲቱ እዚህ ቀሩ። ይህንን የሰማሁት ከጎረቤት ነው። እሷ ስለ ልጇ አትናገርም ነበር።

ቤቷ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ከፍ ብሎ፣ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ ነበር። የፊት ለፊቱን ክፍል ሥራ ቤት አደረገችው። እኔ ገና ልጃገረድ ሳለሁ ነው የገባሁት። ከእኔ ጋር ከሲግናል እየተመላለሰች የምትሠራ ዘሃራ የምትባል የሾፌር ልጅ ነበረች። ሥራው ይኸው ነው፤ ከልብስ ሰፊዎች ቤት የተለቀመ ቁርጥራጭ ታጥቦ፣ ተተኩሶ፣ በልክ ተቆርጦ ከላይ ይገጣጠማል፤ ከሥር አቡጀዲ ይደረጋል፤ መሐሉ ላይ ባዘቶ ይነጠፋል፤ ከዚያ ሦስቱ አንድ ላይ በመርፌ ይሰፋል። ይህ ነው ክዊልት የምትለው ብርድ ልብስ። ሠፈሩ ግን ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር ድሮም ስም ነበረው። ድሪቶ ይለዋል። ድሪቶ የሚለብሰው ለማኝና ባሕታዊ ነው። “ባሕር ተሻግራ ድሪቶ ተምራ መጣች” ይሏት ነበር። ሰምታ እንዳልሰማች ታልፋለች። ገዢዎቿ የውጭ አገር መምህራንና የኤምባሲ ሰዎች ነበሩ፤ እነሱ አይስቁም።

አብዛኛውን ጊዜ የምትሰፋው አንድ ነገር ነው። ጎን ለጎን የተጣበቁ፣ ቁመታቸውም መልካቸውም አንድ የሆነ ትንንሽ ቤቶች፤ ግድግዳቸው ቡናማ፣ ጣሪያቸው ግራጫ፣ በየጣሪያው ላይ ጭስ ማውጫ። ከሁሉም የአንዷ ቤት መስኮት ብቻ ቢጫ ነው። ዘሃራ አንድ ቀን ሥራው ላይ ጎንበስ ብላ፣ “እትዬ፣ ይሄ የቀበሌ ቤት ነው እንዴ? ሁሉም አንድ ዓይነት ነው” አለቻት። እኔ ሳቄ አመለጠኝ። እሷ ቀና ሳትል፣ “የቀበሌ ቤት ቢሆን መስኮቱ ጨርቅ ይወተፍበት ነበር፤ አንቺም በቆመሽ ነበር የምትሠሪው፣ ወንበሩ ተወርሶ” አለች። ዘሃራ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ፤ እሷ አልሳቀችም። ቀልድ ትችል ነበር። ሰው ሲስቅ ግን የምትወድ አይመስለኝም።

ስፌቱ ካልጣማት አትሳደብም። ምላጭ ታወጣለች። የዋልሽበትን ሥራ በፊትሽ ከዳር እስከ ዳር ትተረትረዋለች፤ ከዚያ የክሩን ብጥስጣሽ እፍ ብላ ትመልስልሻለች። እፍ ስትለው ክሩ የሚያርፈው ፊትሽ ላይ ነው። ዓይኗን ጨፍና በስፌቱ ላይ ጣቷን ትሰድዳለች፤ አንዲት የዘለለች ስፌት ካለች ጣቷ እዚያ ይቆማል። መርፌ ወግቶን ጨርቁ ላይ ደም ሲነካ ውሃ አታስነካንም ነበር። “ምራቅሽን ትፊበት። የሰው ደም የሚለቀው በራሱ ምራቅ ነው” ትላለች። እውነት ነው፣ ይለቃል። አንድ ቀን ዘሃራ አውራ ጣቷን ክፉኛ ወግቷት ስታለቅስ፣ እትዬ የሺ ጣቷን ሳይሆን ጨርቁን ነበር ያነሳችው። “እኔ ሰው አላስተምርም፤ እጅ ነው የማስተምረው። ሰውየው የራሱ ጉዳይ ነው” ትል ነበር። ይህንን አባባል ብዙ ሰው ጥበብ አድርጎ ሲደግመው ሰምቻለሁ። እኔ በቦታው ሆኜ ስሰማው ጥበብ አልመሰለኝም።

ምን ዓይነት ሰው እንደነበረች ለማያውቅ የእንጦጦ ራጉኤልን ነገር ልጻፍ። ለልጇ ተስላ ምርጥ ሥራዋን፣ ከሁሉ ረጅም ጊዜ የፈጀባትን፣ ለቤተ ክርስቲያኑ አስገባች። ሰው መጋረጃና ምንጣፍ እንደሚያስገባ ማለት ነው። የተቀበሏት ሰው ገለጥ አድርገው ሲያዩት ቁርጥራጭ ነው። ለነዳያን የመጣ መስሏቸው በሩ ላይ ለሚቀመጡ አንድ እግራቸውን ያመማቸው ሽማግሌ ሰጡት። ከቀናት በኋላ እኔን አስከትላ ስትሄድ ሽማግሌው ተጠቅልለውበት ተቀምጠዋል። ሐምሌ ነው። ጉሙ ባሕር ዛፉን ውጦታል።

“አባባ፣ ይሄ የእርስዎ አይደለም” አለቻቸው።

“ራጉኤል ነው የሰጠኝ፣ ልጄ።”

“ለእርስዎ የሰጠው ነገር የለም። የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ የሰጠሁትም ለእሱ ነው።”

ከላያቸው ላይ ፈታችው። ሽማግሌው አልታገሏትም፤ አንድ እጃቸውን ለቀቅ፣ ሌላውን እጃቸውን ለቀቅ እያደረጉ አገዟት። ከሥሩ የነበራቸው አንዲት ቀዳዳ ሸሚዝ ነች። ምትክ ትሰጣቸዋለች ብዬ ነጠላዋን ሳይ ነጠላዋን አጣፋች። ከዚያ ገብታ ያንኑ ክዊልት እንደገና ልታስረክብ ስትል፣ ካህኑ፣ ልጄ፣ ድሪቶ ቤተ መቅደስ አይገባም፣ አሏት፤ በትሕትና ነው ያሏት። ይዛው ወረደች። አጠበችው፣ ተኮሰችው፣ ለአንዲት ፈረንጅ ሸጠችው። ስለት የገባ ነገር ይሸጣል ወይ ብዬ ጠየቅኋት። “አልተቀበለውም እኮ” አለችኝ።

ታምሩ ታናሽ ወንድሜ ነው። ማተሚያ ቤት ይሠራ ነበር፤ ከሥራ መልስ ይማራል። በቀይ ሽብሩ ጊዜ ከቤት ወሰዱት። እናቴ ስንቅ ስታመላልስ ቆይታ አንድ ቀን ሳህኑን ሳይቀበሏት ከእንግዲህ እንዳታመጪ አሏት። የነገሩን ይህንኑ ብቻ ነው። አስከሬን አልተሰጠንም። ለጸረ ሕዝብ አይለቀስም ስለተባለ ድንኳን አልተተከለም፣ ጥቁር አልተለበሰም፣ ጎረቤት አልመጣም። የሚወዱን ሰዎች መንገድ ላይ ሲያገኙን የእናቴን እጅ ጨበጥ አድርገው ያልፋሉ። አባቴ ቀደም ብሎ ሞቷል፤ ቤቱ ውስጥ የቀረነው እናቴና እኔ ነን።

በደኅና ዘመን የሞተ ሰው ልብስ ለቅሶው ላይ ይወጣና ይለቀስበታል፤ ኋላም ለድኻ ይሰጣል። የታምሩን ማውጣትም መስጠትም አልተቻለም። ለድኻ ብንሰጠው የማን ነው ሊባል ነው። ስለዚህ ልብሱ ሳጥን ውስጥ ቀረ። እናቴ ሳጥኑን በቀን ብዙ ጊዜ ትከፍታለች፤ ሰው ሲመጣ ትዘጋለች። ለቅሶዋ ወጥቶላት አያውቅም። አንገቷ ላይ እብጠት ያለባት ሰው ትመስል ነበር፤ ስትውጥ ያስታውቅባታል።

ሥራ ቤት ውስጥ እኔ ስለ እሱ አልተናገርኩም። እትዬ የሺ ግን የስፌቴን መዛባት አየችው። አልተረተረችውም፤ እሱ ነው የገረመኝ። ዘሃራ ስትወጣ ጠብቃ፣ “ወይ አልቅሺ ወይ ስፊ” አለችኝ።

“ማልቀስ አይቻልም፣ እትዬ።”

ከዚያ ስለዚያች እንግሊዛዊት ባልቴት ነገረችኝ። ባሏ ከማዕድን ጉድጓድ ሳይወጣ ቀርቶ፣ ሴትዮዋ ሸሚዞቹን ቆርጣ ክዊልት ሰፍታ ዕድሜዋን ሙሉ እሱን ለብሳ ነው የተኛችው። “እዚያ አገር የሞተ ሰው ልብስ ሳጥን ውስጥ አያስቀምጡም። ሳጥን ውስጥ ብል ይበላዋል። ነገ አምጪው” አለችኝ።

አመጣሁት። ባለ ሰማያዊ መስመር ሸሚዝ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ የሥራ ቦታ ካኪ፣ አንድ ከረባት። እጄ አልቆርጥ አለኝ። መቀሱን ከእጄ ወሰደችና ሸሚዙን ከኮሌታው ሥር ጀምራ እስከ ታች አወረደችው። የመቀሱ ድምፅ ዛሬም ጆሮዬ ውስጥ አለ። ቀጥላ የደረቱን ኪስ በጣቷ መታ መታ አድርጋ፣ “ኪሱን እንዳትፈቺው። እንዳለ ይግባ” አለችኝ። በዚያ ሰሞን ሌላ ሥራ አልሰጠችኝም። ባዘቶውንም ከራሷ ነው የሰጠችኝ። ይህንን አልክድም። በሕይወቴ ከተደረገልኝ ነገር ሁሉ ትልቁ እሱ ነው፤ ያደረገችውም እሷ ናት። በኋላ መውሰዱም መብቷ የመሰላት ለዚህ ይመስለኛል።

ለእናቴ አልጋዋ ላይ ዘርግቼ ሳሳያት ለየችው። “ልጄን ድሪቶ አደረግሽው?” አለችና ወደ ግድግዳው ዞረች። ጧት ስነሳ ግን ጭንቅላቷ ድረስ ተሸፍናበታለች፤ ቀኝ እጇ የሸሚዙ ኪስ ውስጥ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንደዚያው ነው የተኛችው። ባዘቶ ድምፅ ያፍናል። ከሥሩ ገብታ ለቅሶዋን አለቀሰች፤ በየቀኑ፣ ሥራዋን እንደሚሠራ ሰው። ውጭ የቆመ አይሰማም። ፊቷ ወደ ፊትነቱ ተመለሰ፤ መብላት ጀመረች። ሰው ሲመጣ አልጋው የተነጠፈ አልጋ ነው፣ ሌላ ምንም አይታይም።

እንግዲህ አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ።

እሑድ ከሰዓት ነበር። በሩ ተንኳኳና ከፈትኩ። እትዬ የሺ ናት። ከኋላዋ የቀበሌያችን የሴቶች ማኅበር ሊቀ መንበር ጓድ አበበች ቆማለች። እትዬ የሺ ከዚያ በፊት ቤታችን መጥታ አታውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ለአብዮቱ በዓል ከወዳጅ አገር እንግዶች ወደ ቀበሌያችን ሊመጡ ነው፤ የሚበረከት ስጦታ ተፈልጓል። እትዬ የሺ የመውጫ ፈቃድ ጠይቃ የቀበሌው ድጋፍ ጎድሏታል። ስጦታውን እኔ አዘጋጃለሁ አለች። በእጇ የነበሩት ግን እነዚያው የእንግሊዝ ቤቶች ናቸው። ጓድ አበበች አይታቸው፣ ይሄ የኢምፔሪያሊስት መንደር ነው፣ እንዴት ብለን ለጓዶች እንሰጣለን ብላ ጣለቻቸው። ለአዲስ ሥራ ጊዜ የለም። ያኔ ነው የእናቴ አልጋ የታወሳት።

ጓድ አበበች ገና ስታየው ፊቷ በራ። ካኪውን ዳበሰችው፣ ሰማያዊውን ዳበሰችው።

“ይሄ ነው፤ የወዛደሩ ልብስ ነው እኮ ይሄ። ጨርቁን ከየት አገኛችሁት፣ እማማ?”

እናቴ አፏን ከፈተች። እትዬ የሺ ከጓድ አበበች በስተጀርባ ቆማ አየቻት። አልተቆጣቻትም፣ አልለመነቻትም። ስፌት ስታይ እንደምታየው ነው ያየቻት። እናቴ እውነቱን ከተናገረች ለጸረ ሕዝብ አልቅሳለች ማለት ነው፤ እኔም ልብሱን ሰፍቻለሁ። ይህንን እትዬ የሺ ቀድማ አስባዋለች። ብቻዋን መጥታ ብትጠይቀን እምቢ እንደምንላት ስለምታውቅ ነው ሴትዮዋን ይዛት የመጣችው።

“ከቁርጥራጭ ነው” አለች እናቴ።

“የማን ቁርጥራጭ?”

“የማንም።”

ጓድ አበበች ለእንግዶቹ ብንወስደው ቅር ይልዎታል ወይ ብላ ጠየቀች፤ አጠያየቋ የትሕትና ነው፣ ክፉ ሴት አልነበረችም። እናቴ ቤቷ የገባን ሰው ባዶ እጁን ሸኝታ አታውቅም። ኧረ ይውሰዱት፣ ምን ቁም ነገር አለው፣ አለች። ብቻ ከአልጋው ላይ ሲያነሱት እጇን ሰድዳ ኪሱ ውስጥ አስገባች። ጓድ አበበች ስቃ፣ “ገንዘብ ረስተው ነው እንዴ፣ እማማ?” አለቻት። እናቴ እጇን አወጣች። “የለበትም” አለች።

ያጣጠፈችው እትዬ የሺ ናት። መልኩን ወደ ውስጥ አድርጋ፣ ጠርዝ ከጠርዝ ገጥማ፣ ቆንጆ አድርጋ አጣጠፈችው። በሩ ላይ ስትደርስ ወደ እኔ ዞራ፣ “ነገ በጊዜ ግቢ” አለችኝ።

በበዓሉ ዕለት ከየቤቱ ሰው ወደ ቀበሌው አዳራሽ ወጥቶ ነበር፤ መቅረት አይቻልም። እናቴ ከጎኔ ተቀምጣለች። ጓድ አበበች ንግግር አድርጋ፣ ይህ ብርድ ልብስ ከሠራተኛው ልብስ በሴቶቻችን እጅ የተሰፋ ነው አለችና አንድ ረጅም፣ ፀጉረ ነጭ ፈረንጅ ትከሻ ላይ አለበሰችው። ሰውየው ደስ አለው፤ ወዲያና ወዲህ ዞሮ ለሕዝቡ አሳየ። ኪሱን አገኘውና እጁን ከትቶበት ሳቀ። አዳራሹ ተሳሳቀ። ከዚያ ጭብጨባ ሆነ። የአብዮት ጠባቂዎቹ በየመደዳው ዳር ቆመው የማያጨበጭበውን ያያሉ። እኔ አጨበጨብኩ። እናቴም አጨበጨበች። እትዬ የሺ ከፊት ተቀምጣ ነበር፤ የክብር ቦታ ሰጥተዋታል።

በማግስቱ ሥራ ገባሁ። ቀድማኝ ተቀምጣለች። እንግዶቹ ገና ከአገር አልወጡም፤ ያንን አስመልሰው ሌላ ነገር እንዲሰጧቸው ይንገሩልኝ፤ ባይሆን እኔ ቀን ከሌት ሰፍቼ በምትኩ እሰጣለሁ ብዬ ለመንኳት። ተንበርክኬ ነው የለመንኳት። እናቴ ከዚያ ወዲያ እንዳልተኛች፣ እንዳልበላች ነገርኳት። መርፌዋን አላቆመችም።

“ብርድ ልብስ ነው፤ ሌላ ስፊላት” አለችኝ።

“ከምን?”

ያኔ ቀና አለች። ፊቷ ላይ ቁጣ የለም፣ ሐዘንም የለም።

“የእናትሽ ልጅ ሞቷል፤ የእኔ በሕይወት አለች” አለች። “ከሁለታችን ማን ቢያጣ ይሻላል?”

ዘሃራ በር ላይ ቆማ ሰምታለች።

ለምን እዚያው ቀረሽ ይሉኛል። ሌላ ሥራ አልነበረም፤ በቀበሌም ዓይን ሥራ ፈትቶ መቀመጥ ጥሩ አልነበረም። ከዚህም ሌላ ነገሩ ምን እንደሚሆንላት ማየት ፈልጌ ነበር። ጥር ላይ ፈቃዱ ተከለከለ። ቀበሌው ደግፏት ከላይ አይሆንም አሉ፤ እንዲያውም ውጭ አገር ልጅ ያላት ሰው አትመለስም ተብሎ ነው የተከለከለችው። ወሬውን ይዛ የመጣችው ዘሃራ ናት። እትዬ የሺ ሰማችና የዘሃራን የሳምንት ሥራ አንስታ ምላጯን አወጣች። እንከን የሌለበት ሥራ ነበር። ከዳር እስከ ዳር ተረተረችው። እኔ የራሴን እየሰፋሁ ነበር። ደስ ብሎኛል።

እናቴ ከበዓሉ በኋላ አልጋዋ ላይ ጋቢ ለብሳ ተኛች፤ ጋቢ ኪስ የለውም፣ ድምፅም አያፍንም። መጀመሪያ እንቅልፍ ተዋት፣ ቀጥሎ ምግብ። ክረምቱ ሲገባ አንድ ነገር ጀመረች። ያ ሽማግሌ ፈረንጅ የሄደበት አገር ብርድ ነው ወይ ትለኛለች። ብርድ ነው እላታለሁ። ትንሽ ቆይታ ጎረቤት ሲመጣ ልጄ ውጭ አገር ሄዷል ትላቸው ጀመር። ሴቶቹ ይመለከቱኛል፤ እኔ አላርማትም። አንዳንዶቹ አመኗት መሰለኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንዴት ወጣ፣ አሏት። “አውጥተውት ነው። አጨብጭበን ሸኘነው” አለቻቸው። በሁለተኛው ክረምት ሞተች። ሐኪሙ ሳንባ ነው አለ።

የካ ሚካኤል ቀበርናት። እሷ በአልጋዋ ላይ የሞተች ሴት ናት፤ ለእሷ ድንኳን መትከል የከለከለን የለም። አክስቴ ሙሾ አውጪ ናት። በመጀመሪያው ቀን ደረቷን እየመታች፣ የእናቴን ስም ጠርታ፣ ወርቅነሽ፣ ታምሩን አገኘሽው ወይ፣ ብላ አወጣች። ስሙ በአደባባይ ሲጠራ ያ የመጀመሪያው ነው። ከዚያ አንዲት ሴት ጀመረች፣ ሌላዋ ተከተለቻት፣ ወንዶቹም አለቀሱ። እናቴን አይደለም ያለቀሱት። እያንዳንዱ ቤት የራሱን ነው ያለቀሰው፤ ሁለት ቀን ሙሉ በእናቴ ስም ሠፈሩ ልጆቹን አለቀሰ። ከቀበሌ የመጣብን ሰው የለም።

እትዬ የሺ የመጣችው በሠልስቱ ነው። ጥቁር ለብሳለች። መሐል ገብታ ተቀመጠችና ደረቷን እየመታች፣ “ታምሩዬ፣ የእኔ ልጅ” ብላ ጮኸች። ታምሩን በሕይወቱ አይታው አታውቅም። የምታውቀው ሸሚዙን ነው።

ተነሥቼ ፊቷ ቆምኩ።

“እትዬ፣ ይነሡ” አልኳት።

ያልሰማች መሰለች።

“ይነሡና ይሂዱ።”

ለቅሶው ቆመ። የዕድሩ ዳኛ ከወንዶቹ መሐል ተነሥተው፣ “ልጄ፣ ነውር ነው። ጠላት እንኳ ቢሆን ከለቅሶ ቤት ሰው አይመለስም” አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ አይመለስም። እኔም ሌላ ሰው ሲመለስ አይቼ አላውቅም።

እሷ እንደተቀመጠች ቀና ብላ አየችኝ። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው። “አስካለ፣ ለቅሶ አይከለከልም” አለችኝ።

“ለእኛ ተከልክሎ ነበር” አልኳት።

ተነሣች። የጉልበቷን አቧራ አራገፈች። በሴቶቹ መሐል ስታልፍ እግሩን የሰበሰበላት አልነበረም፤ እየተሻገረች ነው የወጣችው። እስከ አስፋልቱ ድረስ ተከትያት ወረድኩ፣ ሄደች አልሄደችም ለማየት። ሄደች። ተመልሼ ቦታዬ ተቀመጥኩ። ሽማግሌዎቹ በኋላ ይቅርታ ጠይቂ ብለው ሦስት ጊዜ መጡ። አልጠየቅኩም።

ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ሲግናል አካባቢ አንድ ክፍል ተከራየሁ። ዘሃራን ይዤ ሄድኩ። የእትዬ የሺ ገዢዎች ሥራችንን አይተው አንድ በአንድ ወደ እኛ መጡ፤ ሁሉንም ተቀበልኩ። እሷ ብቻዋን ሰፋች። ከዓመታት በኋላ ዓይኗ ሲፈዝባት፣ ክር የሚያስገባልኝ ሰው አጣሁ፣ በሳምንት አንድ ቀን ብትመጣልኝ ብላ ሰው ላከችብኝ። የተላከችውን ልጅ ምሳ አበላሁና ሸኘኋት። አልሄድኩም።